ዕጣ ሣጥን ፊት ስትቆሙ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

በማኅበር ዝግጅት፣ በመሥሪያ ቤት የዓመት መዝጊያ፣ በትምህርት ቤት ገቢ ማሰባሰቢያ ላይ ሣጥኑን የምወዘውዘው እኔ ነኝ። ወረቀቱን አወጣለሁ፣ ስሙን አነባለሁ። ብዙ ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት ደግሞ ቶምቦላ ባለበት ሁሉ ስሜን የማስገባ ሰው ነበርኩ። ስለዚህ ሣጥኑን ከውጭም ከውስጥም አውቀዋለሁ።

ከመድረክ ላይ ሆኖ ሰውን ማየት ደስ ይላል። አንዱ ትኬቱን በግራ እጁ ብቻ ይይዛል። አንዷ ቁጥሩ ተጠርቶ እስኪያልቅ ዓይኗን አትገልጥም። ሌላው ባለፈው ዓመት ሲወጣለት የለበሰውን ሸሚዝ ለብሶ ይመጣል። ከእነዚህ ጋር ጠብ የለኝም። ማንንም አይጎዱም፤ ጥበቃውንም ያጣፍጡታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ለገዱ ያን ያህል የሚጨነቅ ሰው፣ በእጁ ያለውን ነገር በገዛ እጁ ሲያበላሽ ማየት ነው።

ወረቀቱን አሟልቶ አለመሙላት

ከሁሉ በፊት ይህን ልናገር፤ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አልጨርስም።

አንድ ምሽት የመጨረሻውን፣ ትልቁን ሽልማት ላወጣ እጄን ሰደድኩ። ወረቀቱን ዘረጋሁት። በአራቱም ማዕዘን 7 ቁጥር ተጽፎበታል። አጻጻፉ ያምራል። አራቱም እኩል ናቸው፤ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፈው ዙሪያቸው በጥቁር ተከቧል። ባለቤቱ ጊዜ ወስዶበታል። «ሙሉ ስም» በሚለው መስመር ላይ ግን ያለው አንድ ስም ብቻ ነው። «ስልክ ቁጥር» የሚለው ባዶ ነው። «የትኬት ቁጥር» የሚለውም ባዶ ነው።

ስሙን ጠራሁ። ሦስት ሰው ተነሣ።

ሦስቱም ስማቸው ያ ነው። ሦስቱም ወረቀት አስገብተዋል። አንደኛው እየሮጠ መጣና «ሰባቶቹን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ» አለ። አመንኩት። ግን እኔም አንድ ስህተት ሠርቼ ነበር። ስሙን ሳነብ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ አሳይቻለሁ። ፊት ወንበር የተቀመጠ ሁሉ ሰባቶቹን አይቷቸዋል። ሌሎቹ ሁለቱ «እኛም አይተናል፣ ይህ ማስረጃ አይሆንም» አሉ። ታዛቢዎቹ ደንቡን አነበቡ። ሙሉ ስምና ስልክ የሌለበት ወረቀት ውድቅ ይሆናል ይላል። ዕጣው እንደገና ወጣ። ሽልማቱ ለሌላ ሰው ሄደ። የዚያ ሰው ፊት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። አንጀቴን በላው። እስክሪብቶው በእጁ ነበር። ጊዜም ነበረው። አራት ሰባት ለመጻፍ የፈጀበት ጊዜ አሥር አሃዝ ለመጻፍ ይበቃው ነበር!

ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት ዝግጅት ሁሉ ሣጥኑ አጠገብ ቆሜ እጮሃለሁ። ስማችሁን መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ጻፉ። የቤት ስም፣ የቁልምጫ ስም፣ አሕጽሮት አይሆንም። ስልካችሁን ጽፋችሁ ስትጨርሱ አሃዙን ቁጠሩ። አንድ አሃዝ የጎደለው ስልክ ከባዶ መስመር አይሻልም። 1 እና 7 እንዳይመሳሰሉ አድርጋችሁ ጻፉ። ጭንጫ ግድግዳ ላይ ወይም ጉልበታችሁ ላይ አስደግፋችሁ አትጻፉ፤ ጠረጴዛ ፈልጉ። በእርሳስ አትጻፉ። ሣጥን ውስጥ ወረቀት ከወረቀት ሲፋተግ እርሳስ ይደበዝዛል። በላብ የራሰ እጅ ደግሞ ቀለሙን ያፈሰዋል።

በስልክና በኮምፒውተር የሚሞላ ዕጣም ከዚህ አይለይም። ስልኩ ራሱ የሚሞላላችሁን አድራሻ ሳታዩ አትላኩ። ድሮ የተዋችሁት ቁጥር ሊሆን ይችላል። አንዲት አሸናፊ ሦስት ቀን ደወልንላት። ቁጥሩ አይሠራም። ለካ መስመሩን ከቀየረች ሁለት ዓመት አልፏታል። ኢሜይል ከሆነ ደግሞ የማይፈለጉ መልእክቶች የሚገቡበትን ሣጥን ከፍታችሁ እዩ። «አሸንፈዋል» የሚል ርእስ ያለው መልእክት እዚያ መግባት ይወዳል።

ወረቀቱን ማጨማደድና እንደ አኮርዲዮን ማጠፍ

ይህን እኔም አድርጌዋለሁ። ልጅ ሆኜ አንድ ትልቅ ሰው አስተማረኝ። ወረቀቱን ወዲያና ወዲህ ደጋግመህ እጠፈው፣ ሣጥን ውስጥ ሲገባ ይነፋል፣ ቦታ ይይዛል፣ የአውጪው ጣት ቶሎ ያገኘዋል አለኝ። ለሁለት ዓመት ያህል ሁሉንም እንደዚያ እያጠፍኩ አስገባሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ሣጥኑ ሞልቶ ከተጨናነቀ፣ ሰውየውም በደንብ ሳይቀላቅል እጁን ከላይ ከላይ ከሰደደ፣ ዘዴው ትንሽ ሊረዳ ይችላል። ጣት የሚይዘው ጠርዝ ይፈልጋል። ልሙጥ ወረቀት ያዳልጣል፤ የቆመ ጠርዝ ግን ጣት ላይ ይጋጫል። ይህን ከሣጥኑ ወዲያ ሆኜ በእጄ አውቄዋለሁ።

ነገር ግን ይህን የምናውቀው ዕጣ አውጪዎችም ነን። እጄ ሌላ ዓይነት ወረቀት ሲነካ ወዲያው ይሰማኛል። ከሌላው የወፈረ፣ የተጠቀለለ፣ በፕላስተር የተጣበቀ ነገር ከነካሁ ለታዛቢ አሳይቼ ወደ ጎን አስቀምጠዋለሁ። አንዴ ካርቶን ላይ በሙጫ የተለጠፈ ወረቀት አውጥቼ አውቃለሁ። ባለቤቱ «ወረቀቱ እንዳይቀደድ ብዬ ነው» አለ። ወረቀቱ ግን ተሰረዘ። ሌሎቹ ሰዎች በነጠላ ወረቀት ነው የተወዳደሩት፤ በካርቶን መብለጥ የእነሱን ዕድል መውሰድ ነው። ይህን በልጅነቴ ማንም አልነገረኝም። ቢነግረኝ ኖሮ አላደርገውም ነበር።

አንድ ጊዜ፣ ለሁለት፣ እንደ ሌላው ሰው አጥፋችሁ ክተቱ። አለቀ።

«መጨረሻ ላይ ያስገባ ያሸንፋል» ብሎ መጠበቅ

ይህ እምነት ከባዶ ሜዳ አልመጣም። እኔ ራሴ ምክንያት ሆኜ አውቃለሁ። የመጀመሪያዬን ዕጣ ሳወጣ ሣጥኑን ሁለቴ ነቅነቅ አድርጌ እጄን ሰደድኩ። አምስት ሽልማት ነበር። ስሞቹ ሲታዩ አምስቱም በመጨረሻው ሰዓት የገቡ ሰዎች ናቸው። ማንንም ለመጥቀም አላሰብኩም። ግን ጠዋት የገባው ወረቀት ከሥር ተኝቶ ቀርቷል። ጠዋት ተሰልፈው ያስገቡ ሰዎች ተከፉ፤ መከፋታቸውም ልክ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ትልልቅ ሰዎችም ይህን ስህተት ሠርተዋል፤ ያውም በሰው ሕይወት። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1969 አሜሪካ ለቬትናም ጦርነት ወጣቶችን በልደት ቀናቸው ዕጣ አወጣችባቸው። 366ቱ የዓመቱ ቀናት እያንዳንዳቸው በትንሽ ሰማያዊ የፕላስቲክ እንክብል ውስጥ ገቡ። እንክብሎቹ በወር በወር ተራ ሣጥን ውስጥ ተጨመሩ፤ በደንብ ሳይቀላቀሉም ወደ መስታወት ዕቃ ተገለበጡ። በዓመቱ መጨረሻ የተወለዱት ከላይ ቀሩ። ከ31ዱ የዲሴምበር ቀናት 26ቱ በመጀመሪያው ግማሽ ወጡ። ቀድሞ መውጣት ማለት ቀድሞ ለጦር መጠራት ነበር። በ1970 የሚቀጥለውን ዕጣ ሲያወጡ ሁለት የሚሽከረከር በርሜል አዘጋጁ። ከአንዱ ቀኑን፣ ከሌላው ተራ ቁጥሩን አወጡ።

አሁን እኔ ሣጥኑን መሬት ላይ ገልብጬ፣ በሁለት እጄ አገላብጬ፣ መልሼ አስገባዋለሁ። ከዚያ ሌላ ሰው ይወዘውዘዋል። በደንብ የተቀላቀለ ሣጥን ጠዋትና ማታ አያውቅም። ስለዚህ ሣጥኑን ከሩቅ እያያችሁ እስከ መዝጊያው ደቂቃ አትቁሙ። በየዝግጅቱ በር ተዘግቶበት ትኬቱን እንደያዘ የሚቀር ሰው አለ። ይልቅ አውጪው ሣጥኑን ሳይቀላቅል እጁን ሲሰድ ካያችሁ «እባክህ በደንብ ቀላቅለው» በሉ። መብታችሁ ነው። እኔ ሲሉኝ ደስ ይለኛል።

ተጋፍቶ ቀድሞ ማንሣት

ይህ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ከሳህን ላይ ወረቀት ሲያነሣ የሚመጣ ግርግር ነው። አሥር ወረቀት አለ፣ አንዱ ላይ ምልክት አለ። ሰው ይጋፋል። «ቀድሜ ካላነሣሁ ያልቅብኛል» ይላል። ሌላው ደግሞ «የመጨረሻው ነው ገደኛ» ብሎ ይሸሻል።

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ከአሥር አንድ ነው የሁሉም ዕድል። የመጀመሪያው ሰው ከአሥር አንድ አለው። ሁለተኛው እንዲያገኝ የመጀመሪያው መሳት አለበት። ያ ከአሥር ዘጠኝ ነው። ከዚያ ከቀሩት ዘጠኝ አንዱን ማግኘት አለበት። ዘጠኝ አሥረኛ ሲባዛ በአንድ ዘጠነኛ፣ ተመልሶ አንድ አሥረኛ ይመጣል። ሦስተኛውንም አሥረኛውንም አስሉት፣ ያው ነው። ማንም ወረቀቱን ቀድሞ እስካልከፈተ፣ ወረቀቶቹም እስከተመሳሰሉ ድረስ ወንበራችሁ ላይ ቁጭ ብላችሁ ተራችሁን ጠብቁ።

«እስከ ዛሬ አልወጣልኝም፣ አሁን ተራዬ ነው» ማለት

እዚህ ላይ ድምፄ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ይህ ሰው ያፈርሳል።

ሣጥኑ አያስታውስም። ሃያ ጊዜ ስታስገቡ እንደነበር አያውቅም። አዲስ ዕጣ በወጣ ቁጥር ሁሉም ነገር እንደገና ይጀምራል። ሆዳችን ግን ይህን መቀበል አይፈልግም። ብዙ ከጠበቅን የሚገባን ይመስለናል።

ጣሊያን ውስጥ አንድ የቁጥር ሎተሪ አለ። በየከተማው ከ90 ቁጥር አምስት ይወጣል። የቬኒስ ዕጣ ላይ 53 ቁጥር ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ሳይወጣ ቀረ። በቆየ ቁጥር ሰው «አሁንስ አይቀርም» እያለ ገንዘቡን ጨመረ። በመላ አገሪቱ በዚያ አንድ ቁጥር ላይ ከ3 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ተጣለ። ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ ገባ፤ ሕይወቱን ያጠፋም ነበር። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2005 ወጣ። በመጀመሪያው ቀን የመውጣት ዕድሉ ከ18 አንድ ነበር። በመጨረሻው ቀንም ከ18 አንድ ነበር። በመካከል የተለወጠው የሰዉ ኪስ ብቻ ነው።

አንድ የማውቀው ሰው የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ትኬት ገዛበት። «አምስት ወር ሙሉ ሞክሬ እንዴት አሁን አቆማለሁ» አለኝ። ቁጭ ብዬ እንዲህ ስል ለመንኩት፦ ያወጣኸው ገንዘብ ሄዷል፤ የሚቀጥለው ትኬት እሱን አይመልሰውም። ያን ቀን አልሰማኝም። በኋላ ሰማኝ፤ ግን ክፍያው አልፎ ነበር። ቢጠፋ እራታችሁ ላይ የማይታይ ገንዘብ ካልሆነ አታስገቡ። ትኬት ሳትገዙ መጠኑን ወስኑ፤ ደስታና ንዴት ከመጣ በኋላ መወሰን አይቻልም።

ገደኛ ሻጭ መፈለግ

ብዙ አሸናፊ የወጣበት ሱቅ ብዙ ትኬት የሸጠ ሱቅ ነው። ሰልፉን ትታችሁ ቅርባችሁ ካለው ግዙ።

በልደት ቀን ቁጥር መምረጥ

ቁጥር ራሳችሁ በምትመርጡበት ሎተሪ ላይ የትኛውም ቁጥር ከሌላው አይበልጥም። የማሸነፍ ዕድላችሁን መቀየር አትችሉም። መቀየር የምትችሉት ካሸነፋችሁ ሽልማቱን ከስንት ሰው ጋር እንደምትካፈሉ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ልደት ከ31 አይበልጥም። ስለዚህ ከ1 እስከ 31 ያለው ቁጥር ሁልጊዜ በሰው የተሞላ ነው። ከ31 በላይ ግን ሰው ይሳሳል።

ተከታታይ ቁጥርም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው «5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9 በጭራሽ አይወጣም፣ ማንም አይመርጠውም» ብሎ ያምናል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2020 በደቡብ አፍሪካ ሎተሪ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9 ወጣ፤ ተጨማሪ ቁጥሩም 10 ሆነ። ሰው ሁሉ ተንጫጫ። ጉዳዩም እንዲጣራ ተጠየቀ። ዋናውን ሽልማት ግን 20 ሰዎች ተካፈሉት። ለእያንዳንዳቸው 5.7 ሚሊዮን ራንድ ደረሳቸው። ብቻውን የመረጠ ሰው ቢሆን ሁሉንም ይወስደው ነበር።

የልጃችሁን ልደት ከወደዳችሁት ግን ተጫወቱበት። ዕድላችሁን አይቀንሰውም።

በሌላ ሰው ስም ደጋግሞ ማስገባት

ደንቡ «ለአንድ ሰው አንድ» ካለ አንድ ነው። በእህት፣ በጎረቤት፣ በፈጠራ ስም ማስገባት፣ አምስት የኢሜይል አድራሻ መክፈት፣ ሁሉም ይታወቃል። የእጅ ጽሑፍ ይመሳሰላል፣ ስልኩ አንድ ይሆናል። ሲያዝ ትክክለኛው ወረቀታችሁም አብሮ ይሰረዛል።

ትልቁን ሽልማት ብቻ ማሳደድ

ዘዴ ካላችሁ አንድ እውነተኛ ዘዴ አለ፤ መቁጠር። መኪና የሚያሸልም ዕጣ ላይ 20,000 ሰው ይገባል። እዚያው ሰፈር ብርድ ልብስ የሚያሸልም ዕጣ ላይ 200 ሰው ይገባል። በሁለተኛው ላይ ዕድላችሁ መቶ እጥፍ ነው። ሽልማቱ ያንሳል፤ ግን ቤት ይገባል። ዝናብ ሲዘንብና ሰው ሳይመጣ የሚወጣ ዕጣ፣ ማስታወቂያው ያልደመቀ፣ ወረቀቱ ረጅም ስለሆነ ሰው የሚሰለቸው፣ ጥያቄ መመለስን የሚጠይቅ፣ እነዚህ ላይ ሣጥኑ ቀላል ነው። እኔ ስወዛውዘው ይታወቀኛል።

የሽልማቱን ብዛትም እዩ። 1,000 ወረቀት ውስጥ አንድ ሽልማት ካለ ከሺህ አንድ ናችሁ። አሥር ሽልማት ካለ፣ ትንሽ ቢሆኑም፣ ከመቶ አንድ ናችሁ። ሰው ግን የመጀመሪያውን ሽልማት ፎቶ አይቶ ይሄዳል፤ ከሥር የተጻፈውን ዝርዝር አያነብም።

ለማሸነፍ መክፈል

ያልገባችሁበት ዕጣ አይወጣላችሁም። «ዕጣ ወጥቶልዎታል፤ ሽልማቱን ለመላክ መጀመሪያ ይህን ያህል ያስገቡ» የሚል ሰው ሌባ ነው። የሚስጥር ቁጥራችሁን፣ በስልካችሁ የደረሰውን ኮድ የሚጠይቅም እንዲሁ። ጊዜ አይሰጣችሁም፣ «በአንድ ሰዓት ውስጥ» ይላል፤ እንዳታማክሩ ነው። ስልኩን ዝጉ። ከዚያ ራሳችሁ በምታውቁት ቁጥር ወደ አዘጋጁ ደውሉ። እናቶቻችሁና አባቶቻችሁ ዕጣ የሚወዱ ከሆነ ይህን ዛሬውኑ ቁጭ አድርጋችሁ ንገሯቸው።

ቶሎ ተስፋ ቆርጦ መውጣት

ትኬት በራሪና ቀሪ አለው። በራሪው እናንተ ጋ ነው፣ ቀሪው ሣጥን ውስጥ። በራሪውን የጣለ ሰው ስሙ ቢጠራም መከራከሪያ የለውም። ከገዛችሁ በኋላ ፎቶ አንሡት። አንዳንዱ ትኬት በሙቀት በሚጻፍ ወረቀት ላይ ስለሚታተም ፀሐይ ያለበት ቦታ ወይም መኪና ውስጥ ከተተወ ይደበዝዛል። «በቦታው መገኘት ግዴታ ነው» የሚል እንዳለበትም አስቀድማችሁ አንብቡ። ካለ፣ ሦስት ጊዜ ጠርተን ወደሚቀጥለው እናልፋለን። ሽንት ቤት ነበርኩ ያለኝን ሰው ብዙ ጊዜ አስለቅሻለሁ፤ ደስ ብሎኝ አይደለም።

በየዝግጅቱ ግን ሦስተኛው ሽልማት ሲጠራና የእነሱ ሳይሆን ሲቀር የሚወጡ አሉ። ትኬቱን ይጨመድዱታል፣ ወንበሩ ሥር ይጥሉታል። ከእነሱ በኋላ ሁለተኛውና አንደኛው ይወጣል። ከዚያ ተጠባባቂዎች ይወጣሉ። አሸናፊ ካልቀረበ ሽልማቱ የሚሄደው ለእነሱ ነው። ይህን የሚያዳምጠው ግማሽ አዳራሽ ነው።

ሰው ከሄደ በኋላ አዳራሹን የምጠርገው ከልጆቹ ጋር ነው። አንድ ምሽት ከወንበር ሥር የሰበሰብናቸውን ትኬቶች ከዝርዝሩ ጋር አስተያየናቸው። ሁለቱ የተጠባባቂዎች ቁጥር ነበሩ። የአንደኛው ሽልማት ባለቤት በቀነ ገደቡ ሳይቀርብ ስለቀረ ተራው ለመጀመሪያው ተጠባባቂ ደርሶ ነበር። በዚያ ዕጣ ትኬት ላይ ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን በር ላይ ለጠፍነው፣ ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ቀሪው እኛ ጋ ነበር። በራሪውም ተጨምድዶ እኛው ጋ ነበር። ባለቤቱ ግን አልመጣም።